ዶሮዋ ከእንግዳ አልጋ አልወርድም ስትል

ስሙኝማ፤ እየሰማችሁም ቁጠሩልኝ። ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ካመለጠችኝ ዶሮዋ ከአልጋው አትወርድም፣ እንግዶቹም ደጅ ያድራሉ።

አያ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። እርሻ የሚያውቅ፣ ወሬ የማይወድ። "ደህና ዋልክ?" ሲሉት "ደህና" ይላል፤ ከዚያ ያለፈውን ለሚስቱም ለበሬዎቹም አይነግር። ከተማ ገብታ የምትሠራ ትሁኔ የምትባል ልጅ አለችው። አንድ ቀን "አባዬ፣ ከግቢው ጥግ ያለችው ክፍል ባዶዋን ከምትቀር መንገደኛ ይደርባት። አሁን በስልክ አይተው ለሁለት ለሦስት ቀን የሚከራዩ ሰዎች አሉ" አለችው።

አያ ደምለው አንድ ክረምት ሙሉ አሰበበትና "እሺ" አለ።

ግድግዳውን መረገ። አልጋውን ራሱ ጠርቦ ሠራ። አዲስ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ነጭ አንሶላ ለበሰ። ትሁኔ ፎቶ አንስታ በስልክ አወጣችው። እሱም ክፍሏ እንዳትቆሽሽ በሩን ቆለፈ፤ አየር እንዲገባ መስኮቱን ብቻ ክፍት ተወ። ማንም እንዳይገባ ከለከለ፤ ራሱም አልገባም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሚስቱ ገበያ ወርዳ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ዛሬ ይገባሉ! ባልና ሚስት ናቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳሉ። ደግሞ ፈገግ በልላቸው፣ እሺ?"

"እሺ።"

"አሁን ፈገግ ብለሃል?"

"አልመጡም እኮ።"

ሄዶ በሩን ከፈተ። ከፍቶም ቀረ። ከአልጋው መሃል፣ ከነጩ አንሶላ ላይ፣ ሸለምጥማጥ በላት ተብሎ የታዘነላት ቀይ ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተኝታለች።

"ውረጂ" አለ አያ ደምለው።

"አልወርድም" አለች ዶሮዋ። "ጫጩቶቼ ሊፈለፈሉ ነው። ከሞቀ ፍራሽ ወደ ቀዝቃዛ መሬት ማን ይወርዳል? ጭድ አምጣና በእንቅብ ጎዝጉዝልኝ።" እጁን ቢሰድ ነቆረችው።

በግድ ቢያነሳት እንቁላሉ ይሰበራል፣ አንሶላውም ይበላሻል። ፎቶው ላይ ደግሞ ዶሮ የለችም። የመጀመሪያ እንግዳ ከደጁ የተመለሰበት ቤት በአገሩ ስሙ በክፉ ይነሳል፤ አያ ደምለው ስሙ በክፉም በደግም እንዲነሳ የማይወድ ሰው ነው። ጭድ ካልመጣ ዶሮዋ አትወርድ፤ ዶሮዋ ካልወረደች አልጋው አይለቀቅ፤ ታዲያ እንግዳው የት ይደር?

እንቅቡን ይዞ ወደ ጭዱ ሄደ። ጭዱ ላይ ዳልቻው በሬ ተጋድሞ ያመነዥካል።

"ተነስ።"

"አልነሳም" አለ በሬው። "ጠዋት ሙሉ ሳርስልህ 'ጎሽ' እንኳ አላልከኝም። ጨው አልሰኝና እነሳለሁ።"

ጨው ካልመጣ በሬው አይነሳ፤ በሬው ካልተነሳ ጭድ አይገኝ፤ ጭድ ካልመጣ ዶሮዋ አትወርድ፤ ዶሮዋ ካልወረደች አልጋው አይለቀቅ፤ ታዲያ እንግዳው የት ይደር?

ቤት ውስጥ ጨው አልቋል፤ ሚስቱ ገበያ የሄደችውም ለእሱ ነው። ስለዚህ ወደ ጎረቤቱ ወደ እቴ ጠጅቱ ሄደ። እሷም ከደጇ ስታየው ደረቷን ያዘች።

"አያ ደምለው ከደጄ! ማን ሞተ?"

"ጨው" አለ።

"ማን ሞተ ስል ጨው ይሉኛል! ጨውስ ሞልቷል። ግን ምድጃዬ ጠፍቷል፣ ክብሪቴም ረጥቧል። ፍም ያምጡልኝና ጨው ይውሰዱ።"

ፍም ካልመጣ ጠጅቱ ጨው አትሰጥ፤ ጨው ካልመጣ በሬው አይነሳ፤ በሬው ካልተነሳ ጭድ አይገኝ፤ ጭድ ካልመጣ ዶሮዋ አትወርድ፤ ዶሮዋ ካልወረደች አልጋው አይለቀቅ፤ ታዲያ እንግዳው የት ይደር?

ፍም የማይጠፋው ከብረት ቀጥቃጩ ከስማቸው ዘንድ ነው። አያ ደምለው እየሮጠ ደረሰ።

"ፍም ስጠኝ።"

"ሁለት ቃል በአንድ ጊዜ!" አለ ስማቸው፤ ወደ ሰማይም አንጋጠጠ። "ዛሬስ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም። ወዳጄ፣ በሰጠሁህ ነበር፤ ወናፌ ግን ተቀዶ ትንፋሽ አጥሮታል፣ እሳቱም በአመድ ተቀብሯል። የምጠግንበት ጠፍር አምጣልኝ።"

ጠፍር ካልመጣ ወናፉ አይነፋ፤ ወናፉ ካልነፋ ፍም አይገኝ፤ ፍም ካልመጣ ጠጅቱ ጨው አትሰጥ፤ ጨው ካልመጣ በሬው አይነሳ፤ በሬው ካልተነሳ ጭድ አይገኝ፤ ጭድ ካልመጣ ዶሮዋ አትወርድ፤ ዶሮዋ ካልወረደች አልጋው አይለቀቅ፤ ታዲያ እንግዳው የት ይደር?

ጠፍሩ ያለው ከአህያው ጀርባ ላይ ነው፤ ጭነት የሚታሰርበት ነው። አህያውም ወንዝ ዳር አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል።

"ጠፍሩን" አለ አያ ደምለው።

"አትንካኝ" አለ አህያው። "እሾህ ወግቶኝ ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ቆሜያለሁ፤ የጠየቀኝ የለም። እሾሁን ንቀልና ጠፍሩን ፍታ።"

አያ ደምለው ተንበርክኮ ሰኮናውን ያዘ። እሾሁ ከስንጥቁ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። የአያ ደምለው ጣት ደግሞ እርፍ የለመደ ጣት ነው፤ እሾህ አይቆነጥጥም። ሞከረ፣ አልወጣም። ደገመ፣ አልወጣም። ፀሐይዋ ወደ ጋራው ወረደች። እሱም ከአህያው እግር ሥር ባዶ መሬት ላይ በዳቤው ተቀመጠ።

ይሄኔ ከወንዙ ማዶ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ተሸክመው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። ሴቲቱ ሰናይት ትባላለች፣ ባልዋ ዮናታን።

"እንደምን ዋሉ አባት" አለች ሰናይት። "የአያ ደምለው ቤት በየት በኩል ነው?"

ዮናታን ስልኩን ዘረጋለት። "ይቺ ነጭ አልጋ ያለችበት ቤት።"

አያ ደምለው ፎቶውን አየ። ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁንም አልቻለበት። ብድግ አለ።

"ደምለው እኔ ነኝ" አለ። ከዚያም፣ ይኸው እንግዲህ፣ በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመው ቃል በአንድ ትንፋሽ ወጣ። "አልጋውም አለ፤ ግን ዶሮ ተኝታበታለች። ዶሮዋ ያለ ጭድ አልወርድም አለች፤ ጭዱን በሬ ተኝቶበታል፤ በሬው ያለ ጨው አልነሳም አለ፤ ጠጅቱ ያለ ፍም ጨው አልሰጥም አለች፤ ፍሙ ያለ ወናፍ አይገኝም፤ ወናፉ ያለ ጠፍር አይጠገንም፤ ጠፍሩን አህያው አልሰጥም አለ፤ እሾህ ወግቶታል፤ እሾሁን ጣቴ አልይዝ አለኝ፤ እናንተም መጣችሁ!"

 ሰናይት ሳቋ አመለጣት፤ ስቃም ቦርሳዋን ከፈተች።

"ወረንጦ አለኝ" አለች።

አያ ደምለው ሰኮናውን ያዘ፣ ሰናይት በወረንጦ ሳበች። እሾሁ ወጣ! እሾህ ቢወጣ አህያው ጠፍሩን ሰጠ፤ ጠፍር ቢገኝ ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ቢነፋ ፍሙ ጋለ፤ ዮናታን ፍሙን በገል ይዞ እየሮጠ ለጠጅቱ አደረሰ፤ ፍም ብታገኝ ጠጅቱ ጨው ዘገነች፤ ሰናይት ጨዉን በመዳፏ ብትዘረጋ በሬው እጇን ጭምር ልሶ ተነሳ። አያ ደምለውም "ጎሽ" አለው። በሬው ቢነሳ ጭዱ ተዘገነ፤ ጭዱ በእንቅቡ ተጎዘጎዘ፤ እንቁላሎቹም አንድ በአንድ ገቡበት። ዶሮዋ ላባዋን አራገፈች፣ እንግዶቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ ከዚያም ቤቷን ለእንግዳ እንደለቀቀች ሴት ወይዘሮ ቀስ ብላ ወረደች።

አንሶላው ተለወጠ። አያ ደምለው ውሃ አሙቆ የእንግዶቹን እግር አጠበ፤ "ኧረ አይሆንም አባት!" ቢሉት "ዝም በሉ" አለ። አልጋቸው ላይ ወጡ፣ ተኙ። እሱም የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለ።

ጠዋት ሰናይት መዳፏን እንደ ጎጆ አድርጋ ወጣች። ከትራሱ ሥር ተረስታ የቀረች እንቁላል ነበረች ለካ፤ በሰናይት ሙቀት አድራ ተፈልፍላለች።

"አያ ደምለው" አለች፣ እርጥብ ጫጩቷን እያሳየች፤ "ሁለት ሆነን ገብተን ሦስት ሆነን ወጣን።"

ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ እንዴት አደሩ? ፈገግ አልክላቸው?"

"አላልኩም" አለ አያ ደምለው፤ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። "ሳቄ መች አስችሎኝ።"

ሰንሰለቱም እዚህ ተፈታ። ዶሮዋ በጭዷ፣ እንግዳው በአልጋው፣ ተረቴም በእናንተ ቤት ይደር።