አያ ከርከሮና የለመለመው ጎጆ

ድሮ ነው፤ እንስሳት እንደ ሰው ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩበት ዘመን። ስሟን የማላውቃት አንዲት ብርዳም አገር ነበረች። ሀብቷ ጓሳ የሚባል ረጅም ሣር ነው። ጎጆ የሚከደነው በጓሳ፣ የተራራውን አፈር አጥብቆ የሚይዘውም ጓሳ። ስለዚህ ሦስት ዓመት ማንም አይነካውም። ሦስት ዓመት ሲሞላ መለከት ይነፋል፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ማጨድ እንጂ መንቀል ነውር ነው። ይህን ሕግ ንጉሥ አልጫነባቸውም፤ ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ያከብሩት ነበር፣ ይኮሩበትም ነበር።

የሣሩ ጠባቂ እማማ ጭላዳ ነበሩ። ጠባቂ የሚያጭደው ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው። ባለፈው አጨዳ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ጎጆአቸው ያፈስ ነበር። አያ ከርከሮ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ያላግጥባቸዋል። እሳቸውም ሁልጊዜ የሚመልሱለት አንድ ነው፦ «ጎጆዬ ያፈሳል እንጂ ተራራዬ አይናድም።»

አያ ከርከሮ ሰነፍም ስስታምም ነበር። መለከቱ ሊነፋ ገና ዓመት ሲቀረው ጎጆውን በአዲስ ሣር መክደን አማረው። ማጭድ መሳል ታከተውና አገሩ ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን በክራንቻው እየማሰ ሣሩን ከነሥሩ ነቀለው። ከነአፈሩ ጎጆው ላይ ጫነው። አዲስነቱ እንዳይታወቅ ደግሞ ከላይ ጭቃ መረገበት።

በማግስቱ የተራቆተው መሬት ታየ፣ ሸንጎም ተጠራ። መጀመሪያ የተነሣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ አያ ከርከሮ። የሰረቁት ጠባቂዋ ናቸውና ይሻሩ አለ። የሸንጎው ግማሽ እውነቱን ነው እያለ አጉረመረመ። ዕድሜ ልክ የጠበቁት ስም በአንድ ቀን ሲጎድፍ ያማል፣ ልጆቼ።

እማማ ጭላዳ ግን አንገታቸውን አልደፉም።

«ጎጆዬ ያፈሳል እንጂ ተራራዬ አይናድም» አሉ። «ሄዳችሁ ክዳኔን እዩ፤ አንዲት አዲስ ሣር ከተገኘችበት ማጭዴን ውሰዱ። ሌባው አጭዶ ሳይሆን ነቅሎ ነው የወሰደው። ሥር ያለው ነገር ደግሞ ዝናብ ሲያገኝ ዝም አይልም። ክረምት እስኪገባ ታገሡኝ።»

ዳኛው ጋሼ ዋልያ እሺ አሉ። አያ ከርከሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ክረምት ገባ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ዘነበ። በስምንተኛው ቀን ሰማዩ ሲገለጥ የአገሩ ጎጆ ሁሉ እንደ ወትሮው ግራጫ ነው። የአያ ከርከሮ ብቻ ከጉልላቱ ጀምሮ ለምልሟል! ጭቃው ተስማምቶታል። እሱ ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ሲያንኮራፋ የዋልያ ግልገሎች ጣሪያው ላይ ወጥተው ይግጡ ነበር። ጣሪያው ተደርምሶ አንዱ ግልገል ሆዱ ላይ ሲወድቅበት ነቃ። ብድግ ብሎ ሲወጣ ሸንጎው ደጁ ላይ ቆሟል።

«ይህ ሣር ከየት መጣ?» አሉት ጋሼ ዋልያ።

መሬት መሬት እያየ «በቀለ» አለ። አገር ሳቀበት።

ፍርዱን ለእማማ ጭላዳ ተዉላቸው። እሳቸውም አላስገረፉትም። በነቀለበት ክራንቻ እየቆፈረ፣ ሣሩን ሥር በሥር መልሶ እንዲተክል አደረጉ። ጣሪያ በሌለው ጎጆ እያደረ፣ ዶፍ እየወረደበት ተከለ። የተራቆተው መሬትም ዳነ።

በዓመቱ መለከት ሲነፋ አገሩ እማማን ቀድመው ይጨዱ ብሎ ለመናቸው። ጠባቂ በኋላ ነው ብለው እንቢ አሉ። ያኔ ያጨደው ሁሉ አንድ አንድ እስር ሣር እያመጣ ደጃቸው ላይ ከመረው፤ አያ ከርከሮ ሳይቀር። ያን ዓመት ከእማማ ጭላዳ ጎጆ የሚበልጥ ጎጆ አልነበረም።

እናንተም ይህን ያዙ፦ ሣር ያጨደ ለከርሞ ይደርሳል፤ ሥር የነቀለ ዛሬውን ይጨርሳል።