የአንለይና የየሻረግ የፋሲካ ሙግት

ተረት ተረት።

«የጆሮ እራት።»

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያለውም እንዲሰማ።

በድሮ ዘመን፣ አንለይ የሚባል አንድ ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ የሻረግ ትባላለች። አንለይ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሸምናል። ሌላው ሰው መሬት ላይ ሲኖር እርሱ ከወገቡ በታች መሬት ውስጥ ነው የሚኖረው። የሻረግ ደግሞ ከጀርባው ተቀምጣ ትፈትላለች። እርሱ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ሲያደርግ እርሷ እንዝርቷን ታሾራለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በዚያ አገር ከፋሲካ ማግስት እስከ ዳግም ትንሣኤ ሥራ አይሠራም። መሸመን የለም፣ መፍተልም የለም። አንለይ ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚሰነብተው በዚያች ሳምንት ብቻ ነው። እርሷ ካለፈች እስከሚመጣው ፋሲካ ሌላ ዕረፍት የለም። ያችም ሳምንት በየዓመቱ እንግዳ በመቀበል ታልቅ ነበር። በሃያኛው ዓመት ግን ባልና ሚስቱ ተማከሩና፣ ዘንድሮስ እኛም ወጣ ብለን እንሰንብት ተባባሉ። በሶ ፈጩ፤ ዳቦ ቆሎ ቆሉ፤ ከፋሲካው በግ ጥብስ ቋጠሩ፤ አንድ ገንቦ ጠላ ሞሉ፤ በቅሎም ተዋሱ።

ሰኞ ጠዋት በቅሎዋ ተጫነች። ከደጅ ሲወጡ ግን አንለይ ወደ ግራ ሳባት፣ የሻረግ ወደ ቀኝ ሳበቻት። በግራ ግማሽ ቀን ቢሄዱ የንጉሡ ከተማ አለ። በቀኝ ግማሽ ቀን ቢሄዱ ሐይቅ ዳር አንዲት ጸጥ ያለች መንደር አለች። ለካ ወጣ እንበል ሲሉ ወዴት እንደሆነ አልተነጋገሩም ኖሯል። አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

አንለይም፦ «ወደ ከተማ ነዋ። ሃያ ዓመት ግድግዳ ሳይ ኖርሁ፤ አሁን ሰው ልይ። ገበያውን ልይ፣ አዝማሪውን ልስማ፣ ሰው ይጋፋኝ። ሐይቅ ዳር ምን አለ? ውኃ ነው። ውኃማ እንስራችን ውስጥም አለ» አላት።

የሻረግም፦ «እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ቀጭ ቋ ስሰማ ኖርሁ። አሸዋ ላይ ተጋድሜ ጆሮዬን ላሳርፈው። መጋፋት ካማረህ የጎረቤት በጎች አሉልህ፤ ከነሱ ጋር እደር» አለችው።

እርሱ ይላል፣ እርሷ ትላለች። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። በቅሎዋ መሐል ቆማ የአጥራቸውን ሣር ጋጠች።

በዚያ አገር ባልና ሚስት ካልተስማሙ ወደ ሽማግሌ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ማክሰኞ ከሾላው ሥር ሄዱ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አውራቸው አባ ልሳኑ ናቸው። አባ ልሳኑ ዕድሜያቸውን ሁሉ የእርሻ ድንበር ጠብ ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ሌላ ጠብ አያውቁም። በመጀመሪያ ሁለቱም ዋስ ይጥሩ አሉ። ዋስ የጠራ ባለጉዳይ ፍርድ እስኪያገኝ ከመንደር አይወጣም። ከዚያም ጥብሱ ቀረበና ሽማግሌዎቹ እየበሉ ሰሙ። ጥብሱ ሲያልቅ ነገሩም አለቀ።

አባ ልሳኑም ጢማቸውን ጠርገው፦ «ልጆቼ፣ ድንበር በእግር ሳይረገጥ አይፈረድም። እኛ ሐይቁንም አላየን፣ ከተማውንም አላየን። ሄደን፣ ረግጠን፣ መጥተን እንፈርዳለን» አሉ።

ባልና ሚስቱም ነገሩ እውነት መሰላቸው። ድንበር ለሚያይ ሽማግሌ ደግሞ በቅሎውም ስንቁም የባለጉዳይ ነው። በቅሎዋን ሰጡ። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ጠላውንም ሰጡ። የሻረግ የሐይቅ ነፋስ እንዳይመታቸው ብላ የባሏን ጋቢ ለአባ ልሳኑ ደረበችላቸው። ሽማግሌዎቹ ረቡዕ ማለዳ፣ አንዱ በበቅሎ ሁለቱ በእግር፣ መንገድ ገቡ። አንለይና የሻረግ በዋስ ታስረው ደጃፋቸው ላይ ቀሩ።

ሐሙስ ከሐይቅ ዳር አንድ ዓሣ ሻጭ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች አሸዋው ላይ ተንጋለው ዓሣ ሲበሉ አየሁ አላቸው። አንለይ፣ ድንበሩን እየረገጡት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም፦ «አዎ፣ በጀርባቸው» አለ።

ዓርብ ደግሞ ከከተማ ጨው ነጋዴ መጣ። አንድ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ ሽማግሌ ጠጅ ቤት ተቀምጠው ለአዝማሪ ግጥም ሲሰጡ አየሁ አለ። የለበሱትን ጋቢ ሲነግራቸው የሻረግ በፈትሉ ቅጥነት የባሏ ጋቢ መሆኑን ዐወቀች።

ቅዳሜ አንለይ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከዚያም አንድ ቀጭን ዜማ ሰማ። የጎረቤት መስሎት ወደ አጥሩ ሄደ። ከአጥሩ አይደለም። ወደ ቤት ቢገባ የሻረግ ምስር እየለቀመች ታንጎራጉራለች።

አንለይም፦ «አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ እንዴ?» አላት።

እርሷም፦ «ሃያ ዓመት ከጀርባህ ሳንጎራጉር ነው የኖርሁ። ያንተ ቀጭ ቋ ነው ያላሰማህ» አለችው።

አንለይ አጠገቧ ተቀመጠና ምስር ይለቅም ጀመር። አንድ ጠጠር ሲያወጣ ሦስት ምስር አብሮ ይጥላል፤ ግን እስኪመሽ ድረስ አልተነሣም።

እሑድ፣ የዳግም ትንሣኤ ለት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አንደኛው አዲስ ባርኔጣ ደፍተዋል። ሁለተኛው እስክስታ ወገባቸውን ስለያዛቸው በቅሎ ላይ ናቸው። አባ ልሳኑ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። ገንቦው ባዶ ነው። ከሾላው ሥር ተቀመጡና ፍርድ ለመስማት የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ።

አባ ልሳኑም፦ «ነገሩ ከባድ ነው። እኔ ሐይቁ ይበልጣል እላለሁ። ባለባርኔጣው ከተማው ይበልጣል ይላሉ። እኚህ ደግሞ የትም ይሁን፣ ብቻ እንሂድ ይላሉ። ስለዚህ ለሚመጣው ፋሲካ ቀጥረናል፤ ዳግመኛ እናየዋለን። በቅሎና ስንቅ ይዘጋጅ። ጠላው ዘንድሮ ትንሽ አንሶ ነበር» አሉ።

የሻረግ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳምንቷ አለቀች፤ ነገ ጉድጓዱና እንዝርቱ ናቸው። የሚመጣውም ዓመት እንዲሁ ሊሄድ ነው።

ያን ጊዜ አንለይ ተነሥቶ እጅ ነሣና፦ «አባቶቼ፣ ሙግቴን ትቻለሁ። የምንሄደው ወደ ሐይቁ ነው። ሚስቴ ሃያ ዓመት ስታንጎራጉር አልሰማሁም፤ ጸጥ ያለ ቦታ ወስጄ ልስማት» አለ።

የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። የመንደሩ ሰው እልል አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ደነገጡ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ እንጂ ዕርቅ ሲከለክል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አባ ልሳኑም፦ «ልጄ፣ አትቸኩል። ከተማው እኮ መልካም ነው። እስቲ ለዛሬ ተጣልታችሁ እደሩና ነገ እንነጋገር» አሉት።

የሻረግም፦ «አባቴ፣ ከእንግዲህ ጠቡን ከየት እናምጣው?» አለቻቸው።

ሰኞ አንለይ ጉድጓዱ ገባ። ይሸምናል፣ ይሸምናልና ድንገት መወርወሪያውን ያቆማል። ምን ሆንህ ስትለው፣ ድሩ ተበጥሶብኝ ነው ይላታል። ድሩ ግን አልተበጠሰም። በዚያ ዓመት አንድ ጋቢ የሁለት ጋቢ ጊዜ ፈጀ።

በተከታዩ ፋሲካ ማግስት በቅሎዋን ጫኑና ሁለቱም ወደ ቀኝ ሳቧት። አንለይ አሸዋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ የሻረግም አንጎራጎረች። ሰባት ቀን ማንም አልተጋፋውም፤ እርሱም አልቆጨው።

ሽማግሌዎቹስ አትሉኝም? በዚያች ሰኞ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ባለጉዳይ ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። ቢቸግራቸው ተነሥተው በየቤቱ ይዞሩ ጀመር። አንኳኩተው፣ ባልና ሚስቱ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ ይላሉ። ሰላም ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሚሏቸው እንደሆነ፣ በጣም አዝነው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ ቆሎ የጨበጣችሁ እጃችሁን ወደኔ ዘርጉ፣ ደግሞ ከመሐሉ ለውዙን ለቅማችሁ እንዳታስቀሩብኝ።