መራጊው ወደ ኋላ የወጣበት ቤት

ሰው በቅጡ የማያውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «እኔን ተከተሉ» ሲል፣ በእኛ አገር ሽማግሎች ፈገግ ይሉና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል፤ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መራጊው ፈንቴ የተነገረችበትን ቀን እስኪሞት አልረሳም። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው፣ ረፋዱ ላይ። የሰደበውም አጋፋሪ ጓንጉል ነው፣ በፊታውራሪ ይግዛው በር፣ አሥራ አንድ ሰው እየሰማ።

«ጭቃ ቦታው ግድግዳ ነው፤ እዚያው ተለጥፈህ ጠብቅ» አለው።

አሥራ አንዱም ሳቁ። ፈንቴ ማን ጥርሱን እንዳሳየ፣ ማን በኩታው አፉን እንደ ሸፈነ አንድ በአንድ ያዘ። ልማዱ ነው። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ሳይደርስ ከየኔታ እጅ የወጣ ሰው ስለ ነበር፣ ብራና ባይኖረው ስድብን በልቡ ይጽፋል። በአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሥጋውን ለሌላው ሰጥቶ ለእሱ አጥንት ያቀረበለትን አሳላፊ ከነአባቱ ስም ይጠራዋል።

አብረውት የመጡት እማሆይ ብርነሽ ግን «ምስክሬ ነው፤ ያለ እሱ አልገባም» አሉ። ጉዳያቸው የዋዛ አልነበረም። የሟች ባላቸው ወንድም የወንዝ ዳሯን እርሻ የኔ ናት ብሎ ከሷቸዋል፤ ድንበሩ ሲተከል ከነበሩት ሰዎች በሕይወት የቀረው ፈንቴ ብቻ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ምስክር ይዘው ካልቀረቡ ይረታሉ፤ ያቺ እርሻም ከሄደች ሌላ ጉርስ የላቸውም።

ቤቱ ደግሞ እንደ ሰው ቤት አይደለም። ፊታውራሪ በተሾሙ ቁጥር አንድ ክፍል፣ ልጅ በዳሩ ቁጥር ሁለት ክፍል እያስቀጠሉበት ከአጥር እስከ አጥር ተንጋሏል፤ ዳር ዳሩን ዞሮ ማለፊያ የለውም። የችሎቱ አዳራሽ ጣራ በሚካኤል ዝናብ አፍስሶ ስለ ነበር ያን ዕለት ፊታውራሪ የሚያስችሉት በጓሮ፣ ከዋርካው ሥር ነው። እዚያ ለመድረስ በቤቱ ሆድ ውስጥ ማለፍ ግድ ነው።

ጓንጉል አጋፋሪ ከሆነ ገና አርባ ቀኑ ነው። ቤቱን የያዘው በበሮቹ ሳይሆን በሰው ነበር። በትልቅ ሰው ቤት ሁሉም በየማዕረጉ የማይነቃነቅ ቦታ አለው፤ እሱም ባላምባራስ ከተቀመጡበት በቀኝ፣ ጸሐፊው ካቀረቀረበት በግራ፣ ነፍስ አባት ከሚያንቀላፉበት ቀጥታ እያለ ነው የሚሄደው። ሰዎቹ እስካሉ ድረስ ደግ ብልሃት ነው። ያን ቀን ግን ባላምባራስም፣ ጸሐፊውም፣ ነፍስ አባትም ችሎቱን ተከትለው ጓሮ ወጥተዋል።

ሁለቱንም አስከትሎ መጀመሪያ ደረቱን ነፍቶ ገባ፤ ይህን ቤት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያውቀው እያወራ። ከአራተኛው ክፍል በኋላ ወሬው ቀነሰ። ባዶ መደብ ሲያይ ይቆማል፣ ባዶ ምንጣፍ ሲያይ ጢሙን ያሻል። አንድ ጊዜ ከጎተራ ውስጥ ከተታቸውና «የጌታችንን ጥጋብ ይዩልኝ ብዬ ነው፣ እማሆይ» አለ። ዞረው ዞረው እዚያው ጎተራ ሲደርሱ እማሆይ «ጥጋቡንስ አይተነው ነበር፣ ልጄ» አሉት።

ፈንቴ ከኋላ ይከተላል፣ ትንፍሽ አይልም። የዚያን ቤት ግድግዳና ወለል የመረገው እሱ ነው፤ ሁለት በጋ ፈጅቶበታል። ዝምታው እንደ ማር ጣፈጠው። ጓንጉል አንድ በር በሳተ ቁጥር ፈንቴ በልቡ ከሳቁበት ሰዎች አንዱን ይሰርዛል። ሰባት ሰርዞ አራት ሲቀሩት፣ እማሆይ በጣራው ሽንቁር የገባችውን ጨረር አዩ። ቀጥ ብላ ልትቆም ጥቂት ቀርቷታል። መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ።

«እርሻዬ ሄደች በሉኛ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ፈንቴ አራቱን ሳይሰርዝ ተወ።

«እማሆይ፣ የኩታዬን ጫፍ ይያዙ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ በሩ አደረገና ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። ጓንጉል በጌታ ቤት እንዲህ ያለ እብደት አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ ፊቱን እንዲያዞር አዘዘው።

«ወለል የሚመርግ ሰው ከውስጥ ጀምሮ ወደ በር ያፈገፍጋል» አለ ፈንቴ፤ «ወደፊት ከሄደ የገዛ ሥራውን ይረግጣል። እኔ ይህን ቤት የማውቀው እንዲህ ስወጣ ነው፤ ፊቴን ካዞርኩ እንደ እርስዎ እሆናለሁ።»

እጁ ግድግዳውን ይዳብሳል። እዚህ ጭዱ በዝቶበታል፣ እዚህ አመድ ቀላቅሏል፣ እዚህ ጭቃው ሳይደርቅ አውራ ጣቱ ሰምጧል። ጓንጉልም ብቻውን እንዳይቀር ፈርቶ ተከተለ። በስድስተኛው በር ላይ የጓሮው ነፋስ የፈንቴን ማጅራት መታው።

ችሎቱ መጀመሪያ ያየው የፈንቴን ጀርባ ነው። ለፊታውራሪ ጀርባ ሰጥቶ መቅረብ እንኳን ለመራጊ ለባላምባራስም ነውር ነው፤ አሽከሮቹ ዱላ አነሡ። ፊታውራሪ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ተዉት» አሉ፤ «በፊቱ እየገባ በጀርባዬ የሚያማኝ ስንት አለ። ይኸኛው ጀርባውን አስቀድሟል፤ ዞር ይበልና እውነቱን ይንገረን።»

ፈንቴ ዞረ፣ ማለ፣ ድንበሩ የት እንደ ተተከለ መሰከረ። ጥላው ሳይዞር የወንዝ ዳሯ እርሻ ለእማሆይ ተፈረደች።

ችሎቱ ሲበተን ጓንጉል ልቡ ተመለሰ። ሰው በተሰበሰበበት ፈንቴን ጠጋ አለና «እኔ ባላስገባህ ኖሮ ከየት ትወጣ ነበር? መንገዱን የመራሁህ እኔ ነኝ» አለው። ሰዉ ሁሉ የፈንቴን አፍ ያይ ጀመር። ፈንቴ ኩታውን አጣፋና በመጣበት በር ሄደ። ጓንጉልም ረታሁ ብሎ ወደ ሰዉ ሲዞር፣ እማሆይ ብርነሽ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው «ተወው፣ ልጄ» አሉት፤ «መግቢያ ያየ ያወራል፣ መውጫ ያወቀ ይመራል።»