ሽኮኮና የግድቡ በረኛ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያንቀላፋ ካለ ቀስቅሱት፤ ዛሬ በሳቅ አልነግራችሁም፣ ተናድጃለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አንድ አገር፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ክፉ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞላ ረግረጉን ያጥለቀልቃል። የአገሩ ንጉሥ አያ አንበሶ «ግድብ ይሠራ!» ብሎ አዘዘ። «ግድቡ ላይ የሚሠራ ከነቤተሰቡ ጉብታው ላይ ጎጆ ይሰጠው። ሥራ የሌለው ግን ታች ረግረጉ ውስጥ ይቀመጥ» አለ። በር ላይ ሆኖ ሠራተኛ እንዲቀጥርም ቀበሮን ሾመ። ቀበሮን! ከአራዊት ሁሉ መርጦ ቀበሮን!

ረግረጉ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖር ነበር። ሽኮኮ እንግዲህ የቋጥኝ ፍጥረት ናት፣ ጭቃ አይስማማትም። አባቷን ጎርፍ ወስዶታል። እናቷን ደግሞ እግሯ ከድቷታል፤ ውሃ ቢመጣ መሮጥ አትችልም። ሽኮኮ «እማዬ፣ ሥራ አግኝቼ ጉብታው ላይ አወጣሻለሁ» አለቻትና ወደ ቀበሮ ሄደች።

ቀበሮ ዋርካ ሥር ጅራቱን እግሩ ላይ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ጌታው፣ ሥራ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ተምረሻል?»

«ምንም።»

«ጎበዝ ትመስያለሽ፣ ግን ጎደለሽ። ያልተማረ ለግድብ አይሆንም። ሙያ ተማሪና ነይ።»

እውነቱን ነው ብላ ሄደች። ፍልፈል ዘንድ ገብታ መሠረት መቆፈር፣ ድንጋይ መካብ ተማረች። ጥፍሯ እስኪነቀል ተማረች። በዚያ ክረምት ውሃው ደጃፋቸው ድረስ መጣ።

«ጌታው፣ ሙያ ተምሬ መጣሁ።»

ቀበሮ ጅራቱን ጠቀለለ። «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ጎደለሽ። ሙያማ የእጅ ነገር ነው፣ ዛሬ ማን ይፈልገዋል? አሁን የሚፈለገው ከፍተኛ ትምህርት ነው።»

«ባለፈው ሙያ ተማሪ ብለውኝ አልነበረም?»

«ያ ባለፈው ነው።»

ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ሊቁ ኤሊ ዘንድ ገብታ የውሃን ጠባይ፣ የአፈርን ጠባይ፣ ግድብ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚናድ ተማረች። ዓይኗ እስኪደክም ተማረች። እናቷ ከአፏ እየቀነሰች ስንቅ ትልክላት ነበር። በዚያ ክረምት ውሃው መደባቸው ላይ ወጣ፤ አሮጊቷ በዚያ በማይረባ እግሯ ቆማ ዋለች።

«ጌታው፣ ከፍተኛውን ተምሬ መጣሁ።»

«ጎበዝ ነሽ» አለ ቀበሮ ጅራቱን እየጠቀለለ፤ «ግን በዛብሽ።»

«ምኑ ነው የበዛብኝ?»

«ትምህርቱ ነዋ! እንዳንቺ ያለችውን የተማረች ድንጋይ ባሸክም አገሩ ምን ይለኛል? ደግሞስ የሥራ ልምድ አለሽ?»

«ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች ናት! ያልተማረውን «ተማር»፣ የተማረውን «ሌላ ተማር»፣ ሁሉንም የጨረሰውን «አበዛኸው»! ታዲያ ልኩ የት ነው? እናንተ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ፀሐይ ሲመታችሁ የምትውሉት ታውቁታላችሁ፣ ለእናንተ አላስረዳም።

ልክ ያኔ አንድ ጎረምሳ ቀበሮ እያዛጋ በበሩ አልፎ ገባ።

«ይሄኛው ምን ተምሮ ነው የገባው?» አለች ሽኮኮ።

«እሱማ ዋስ አለው።»

«ዋሱ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! የእህቴ ልጅ ነው።»

ሽኮኮ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ግድቡ ላይ የተኛው ቀበሮ፣ የሚላፋው ቀበሮ፣ ጭቃ በጅራቱ የሚለቀልቀው ቀበሮ! መሠረት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ጭቃ ብቻ።

«እኔም ዋስ ላምጣ?»

«አምጪ! ግን ዋስ መሆን የሚችለው ግድቡ ላይ የሚሠራ ብቻ ነው።»

ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ። በዚያ አገር ወግ ዋስትና ጉባኤ ፊት፣ ጮክ ተብሎ ነው የሚነገረው፤ ቀበሮ ግን አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። ሽኮኮ አያ አንበሶ ችሎት የተቀመጠ ዕለት ሄዳ ጮኸች። «ንጉሥ ሆይ፣ ግድቡ ጭቃ ነው፣ ይናዳል!»

«ቅናት ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ እየሳቀ።

ሽኮኮ አንቱታውን ተወችው። «ቅናት ከሆነ እንደ ወጉ ጉባኤ ፊት ዋስትናህን ተናገራ! ምን አስፈራህ?»

አራዊቱ ሁሉ ዞረው አዩት። ቀበሮም ደረቱን ነፍቶ «ለሁሉም ዋስ ነኝ! ጥፋታቸው ጥፋቴ፣ ቅጣታቸው ቅጣቴ!» አለ። አያ አንበሶ አዛጋ። «ዋስ ካለ ምን ያከራክራል? ሂጂ አንቺ» ብሎ አባረራት።

ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው፣ ሽኮኮ እናቷን አዝላ ጉብታው ላይ ልትወጣ ሞከረች። የቀበሮ ዘመዶች መንገዱን ዘግተው «ሥራ የሌለው እዚህ አይወጣም!» ብለው መለሷት። ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተናደ። ሽኮኮ የዛፍ ሥር ይዛ ተረፈች። እናቷ ግን ከጀርባዋ ተላቅቃ ሄደች፤ አልተገኘችም።

በማግስቱ አያ አንበሶ ራሱ ረግረጉ ድረስ ወርዶ «ግድብ የሚያውቅ ማን ነው?» አለ። አራዊቱ ሽኮኮን አሳዩት።

«አሁን በቃኝ?» አለችው። «ወይስ አሁንም ጎደለኝ?»

አንበሳው አንገቱን ደፋ። «የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«እናቴን መመለስ አትችልም። ወጉ ይፈጸም፣ ዋስ ነኝ ያለው ይቀጣ።»

«እኔ መች ሠራሁት? ልጆቹ ናቸው!» አለ ቀበሮ።

«ጥፋታቸው ጥፋቴ ያለው የማን አፍ ነው?» ብሎ ጉባኤው ጮኸበት።

ቀበሮ ከነዘመዶቹ ረግረጉ ውስጥ ተጣለ። ዳመና ባየ ቁጥር ሽቅብ እያየ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሰይ! ሽኮኮም ወደ አንበሳው ዞራ «እሱን በር ላይ ያስቀመጥከው አንተ ነህ፤ ስነግርህም አዛጋህ» አለችው።

ከዚያ ግድቡን ሠራችው። ያልተማረው ተሸከመ፣ ባለሙያው ካበ፣ የተማረው ለካ። ለካስ ለሁሉም የሚበቃ ሥራ ነበረ! ጉብታው ላይ የተሰጣትን ጎጆ ግን አልገባችበትም። ለማን ብላ?

እኔም ጨረስኩ። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ ዛሬ ዳቦም አይወርድልኝም። ይቺን ብቻ ያዙ፦

ለዘመዱ በር የከፈተ፣ ለጎርፍም ከፈተ።