እመት አህያና የአያ ጅቦ ትልቅ ሞተር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በእግር መሄድ ሰልችቷቸው ሞተር የሚነዱበት ዘመን ነበር። «ኧረ ዋሸህ» የሚለኝ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሄዶ ዝንጀሮን ይጠይቅ። የዝንጀሮ መቀመጫ እስከ ዛሬ የተላጠው ከሞተር ወንበር ላይ ሲወጣና ሲወርድ ነው ይባላል። እኔ ግን ስላላየሁ አልምልም።

በዚያ ዘመን እመት አህያ የምትባል ታታሪ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በጀርባዋ ስትሸከም ኖራ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሞተር አገኘች። ለጀማሪ የምትሆን ዓይነት ናት፤ ቀላል፣ ዝቅ ያለች፣ ስትቆም የኋላ እግሮችን ደህና አድርጋ መሬት የምታስረግጥ። ከድምጿ የተነሣ አገሩ ሁሉ ዱክዱክ ይላታል። እመት አህያ በዱክዱክ ላይ መንዳት ተማረች፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ወደቀች። ዓመት ሳይሞላ ጠጠር በበዛበት ቁልቁለት ላይ እንኳ ማንም የማይስተካከላት ነጂ ሆነች።

ሥራዋ ጨው ማመላለስ ነው። በየገበያው ቀን ከቆላው ገበያ አራት ስልቻ ጨው ወስዳ ተራራው ላይ ለሚኖሩት ለነዋልያ ታደርሳለች። እነሱ ደግሞ ከገደሉ በላይ የሚያስተማምን ዋሻና እንደ ልብ የሚጋጥ ሣር ሰጥተዋታል። ችግሩ ዱክዱክ የምትችለው ሁለት ስልቻ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ እመት አህያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መውጣት ነበረባት።

ሁለት ጊዜ ቢወጣስ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አያ ጅቦ አለበት! ገበያው ውስጥ የአያ አንበሶ ሕግ ስላለ ደም አይፈስም፤ ነብርና ፍየል ጎን ለጎን ቆመው ይገበያያሉ። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ግን ሁሉም ለራሱ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ሰባት ጠመዝማዛ አለው። አያ ጅቦ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሥር ትልቅ ሞተሩን አቁሞ ይጠብቃል፤ እመት አህያ ጭነቷን ይዛ ብቅ ስትል እያጓራ ይከተላታል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይደርስባታል። ሊይዛት ጥቂት ሲቀረው ጠመዝማዛው ይመጣና እሷ በጠባቡ ሹልክ ትላለች፣ እሱ ያን ግዙፍ ሞተር ማዞር አቅቶት ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል።

በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ነው። ባለፈው ገበያ እንዲያውም የጅራቷ ፀጉር ጥርሱ ላይ ቀርቶ ነበር። እመት አህያ ደፋር ናት፤ ሆኖም ሁለተኛው ጉዞ ሲደርስ ቤንዚኗን ደጋግማ ታይ ጀመር። «አንድ ቀን ቤንዚን ያልቅብኛል፣ ወይም ድንጋይ ያዳልጠኛል፤ የዚያን ቀን አበቃልኝ» ትላለች ለራሷ።

ታዲያ ትልቅ ሞተር መመኘቷ ይፈረድባታል? ትልቅ ሞተር አራቱንም ስልቻ በአንዴ ይወስዳል። አንድ ጉዞ፣ አንድ ፍርሃት፣ ከዚያ እፎይ። በዚያ ላይ የገበያው ወሬ አለ። ከርከሮ ባያት ቁጥር ዛሬም በዚችው ነሽ እያለ ይስቅባታል። የሚገርመው እሱ ራሱ ሞተር የሚባል ነገር የለውም፣ የሚመጣው በእግሩ ነው። አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ማለት ይኸው ነው።

ምኞቷን ማን ሰማ? ደላላው አቶ ቀበሮ። ገበያ ውስጥ ሹክ ተብሎ ቀበሮ ሳይሰማው የቀረ ነገር የለም። ሰምቶም አላደረ፣ ቀጥ ብሎ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ።

ጅብ ዋሻው በር ላይ ተቀምጦ አጥንት ይቆረጥም ነበር። ቀበሮ ለማንኛውም ብሎ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ነገሩን ዘረዘረለት። ትልቁን ሞተር ለአህያዋ በለውጥ ይስጣት። እሷ አራት ስልቻ ጭና ዳገቱን ትጀምራለች። ሞተሩ ከባድ ነው፣ እሷ አልለመደችውም፤ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ መውደቋ አይቀርም። አንዴ ከወደቀች ደግሞ ከሥሩ መውጫ የላትም። አያ ጅቦ መሮጥ እንኳ አያስፈልገውም፣ እያዛጋ መድረስ ነው።

ጅብ አጥንቱን አስቀመጠና አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ብዙ አልቆየም።

«ሞተሬስ?» አለ።

«ሞተርህን እዚያው ወድቆ ታገኘዋለህ። ሞተሩም ያንተ፣ አህያዋም ያንተ።»

«ትንሿስ?»

«ትንሿ ለደላላው ለእኔ ትሁን። ቀጭን ነገር ናት፣ አንተን አትመጥንም።»

ይህ ጅብን ትንሽ ከነከነው፤ ሁሉንም ቢያገኝ ነበር ደስ የሚለው። ነገር ግን የአህያዋ ታፋ ዓይኑ ላይ ድቅን አለበትና ተስማማ። ቀበሮ ሊሄድ ሲል ዘመዶችህንስ ይዘህ ትመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። መጠየቁ ያለ ነገር አልነበረም። የጅብ ሞተር በወደቀ ቁጥር ወንድሞቹና የአጎቱ ልጆች አምስት ሆነው እየተጯጯሁ ነበር የሚያነሡለት። እሱ ከፊት ቆሞ በርቱ ይላል።

«እነሱ ከመጡማ ይካፈሉኛል» አለ ጅብ። «ብቻዬን ነው የምመጣው።»

ቀበሮም እንዳሻህ አለው። አህያዋን ስታናግር ግን አንቺ እንዳትል፣ እርስዎ በል ብሎ መክሮት ሄደ።

የገበያው ቀን ደረሰ። አያ ጅቦ ዘመዶቹን ከወዲያኛው ተራራ የሞተ በሬ አለ ብሎ አታሎ ላካቸውና፣ ሞተሩን አጥቦ፣ በሞራ ወልውሎ ገበያው ውስጥ ካለው ሾላ ዛፍ ሥር አቆመው። እውነት እንነጋገር ከተባለ ሞተሩ ያምራል። ጎማው ሰፊ፣ ወንበሩ ሰፊ፣ ሲነሣ ድምፁ መሬት ያንቀጠቅጣል። እመት አህያ ስታየው ልቧ ደነገጠ። ጠጋ ብላ ወንበሩን በአፍንጫዋ ነካ አደረገችው።

ቀበሮ መሃል ገብቶ ምላሱን ፈታ። እንደ እርስዎ ያለች ነጂ በዱክዱክ ስትንገላታ ማየት አንጀቴን ይበላኛል አለ። አራት ስልቻ በአንድ ጉዞ፣ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ቤትዎ ገብተው ያርፋሉ አለ። ጭማሪ የለ፣ ጣጣ የለ፣ ሞተር በሞተር እጅ በእጅ አለ። አያ ጅቦም «እርስዎ፣ እርስዎ፣ ይውሰዱት» አለ። ከዚህ በላይ ያጠናው ቃል አልነበረውም።

እመት አህያ ጅብ ያለ ጭማሪ ሲሰጥ አይታ አታውቅምና ለምን እንዲህ ቸር እንደሆነ ጠየቀች። ቀበሮ ምን ያድርግ፣ አርጅቷል፣ ትንሽ ነገር ይበቃዋል ሲል መለሰ። ጅብም ወዲያው ለማርጀት ሞከረና ጎበጥ አለ።

እመት አህያ ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞረችው። ጆሮዋ አንዱ ወደ ሞተሩ፣ አንዱ ወደ ዱክዱክ ዞሮ ነበር። ውስጧ ውሰጂው፣ ውሰጂው ይላታል፤ በቀን ሁለቴ ከሞት ጋር መሽቀዳደም ያደከመው ማን እንደ እሷ። በመጨረሻ ሞተሩን እንደወደደችው፣ ሳትፈትን ግን እንደማትወስድ ተናገረች። ቀበሮ ደስ ብሎት ታዲያ ይንዱት፣ ሜዳው ላይ አንድ ዙር ይዙሩ አላት። እሷ ሜዳ ላይማ ማንም ይነዳል አለችው።

«እኔ ሦስት ጊዜ ተሸጫለሁ» አለች። «አህያ የሚገዛ ሰው ሜዳ ላይ አስሩጦ ብቻ አይገዛም። ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያያል፣ በመጨረሻ ጭኖ ያስተኛታል። ከነጭነቷ የተነሣች ትገዛለች፣ ያልተነሣች ትቀራለች። ሞተር ደግሞ ከወደቀ ራሱ አይነሣም፤ የማነሣው እኔ ነኝ። አስተኝቼ ላንሣው።»

ቀበሮ ክው አለ። ሞተር አህያ ነው እንዴ የሚተኛው፣ ቀለሙስ አይላጥም ወይ ብሎ ተከራከረ። ገበያተኛው ግን መሰብሰብ ጀምሯል። ጉሬዛ ሾላው ላይ ሆኖ ልክ ናት፣ ዕቃ ሳይፈተን አይወሰድም ሲል ፈረደ። አያ ጅቦ ደግሞ ማስተኛት ምን ችግር አለው ብሎ በደረቱ ገፋው፣ ሞተሩም ጓ ብሎ ተጋደመ። ቀበሮ በሆዱ ረገመው።

እመት አህያ ቀረበች። ተንበረከከች፣ ጀርባዋን ከወንበሩ ሥር አስገባች፣ ያን ሁሉ ዘመን ሸክም የተሸከመ ወገቧን ቀና አደረገች። ሞተሩ አንድ ስንዝር ተነሣ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጠፈ፤ ሞተሩ ግን ከስንዝር አላለፈም። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። በሌላ በኩል ዞራ ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

አዘነች። ለምን እዋሻለሁ፣ አንድ ጉዞ ብቻ የሚለው ተስፋዋ እዚያው አቧራው ላይ ሲቀር ክፉኛ አዘነች። ከርከሮም ከት ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«ዱክዱክን እስከ ዛሬ ሃያ ጊዜ ጥያታለሁ፤ ሃያ ጊዜም ብቻዬን አንሥቻታለሁ። በሕይወት ያለሁት ለዚህ ነው። ይህን ዳገቱ ላይ ብጥለው የሚያነሣልኝ የለም። ጉልበቴም ልምዴም ሲደርስ መጥቼ እጠይቃለሁ። ዛሬ ይቅርብኝ።»

ከርከሮ ሳቁን አቆመ። ከፍየሎቹ አንዷ እውነቷን ነው አለች፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀበሮ ግን ትንሿ ሞተር ከእጁ ስታመልጥ ታየችው። ይህ እኮ የዘዴ እንጂ የጉልበት ነገር አይደለም፣ ባለቤቱ አንዴ ቢያሳይዎት ወዲያው ይገባዎታል አለ። ከዚያም ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ካላነሣኸው ታፋው ቀረ» አለው። አያ ጅቦ ታፋ የሚለውን ቃል ከሰማ ሌላ ነገር አይሰማም። አምስት ዘመዶቹ ሲያነሡት ስላየ እሱ ራሱ ሲያነሣው የኖረ መስሎት ነበር።

ጎንበስ ብሎ መሪውን በጥርሱም በእግሩም ያዘና ጎተተ። ጅብ ከፊት በኩል ብርቱ ነው፣ አይካድም፤ ሞተሩ እስከ ደረቱ ድረስ መጣለት። ኋላው ግን እንደምታውቁት ዝቅ ያለ ነው። ሞተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ የኋላ እግሮቹ ከዱት፣ ተንሸራተተ፣ ሞተሩም ተመልሶ ላዩ ላይ ተዘረረ። አያ ጅቦ ከወገቡ በታች ከሞተሩ ሥር ሆነ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ግን ንቅንቅ ማለት አልቻለም።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንሡኝ አለ። ማን ያንሣው? በዚያ ገበያ ውስጥ ከእሱ ሮጦ ያላመለጠ አንድም አልነበረም። ከርከሮ የሰማ አልመሰለም፣ ፍየሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጅብ ዘመዶቹን ጮኾ ተጣራ፤ እነሱ ግን ከወዲያኛው ተራራ የሌለ በሬ እየፈለጉ ነበር። ቀበሮ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አፌን አድክሜአለሁ ብሎ የድለላውን ጠየቀው። ጅብ ሊነክሰው ሲንጠራራ ሮጦ ጠፋ።

እመት አህያ ሁለት ስልቻዋን ጭና ወንዙን ተሻገረች። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሥር ማንም የለም። ሰባቱንም ጠመዝማዛ እያንጎራጎረች ወጣች። ዋልያ እንዲህ ተዝናንታ ስትመጣ አይቷት ስለማያውቅ አመመሽ እንዴ ብሎ ጠየቃት። ጤነኛ ነኝ አለችውና ጨዉን አውርዳ ለቀሩት ሁለት ስልቻዎች ተመለሰች።

ስትደርስ ገበያው ተበትኗል። ሾላው ሥር አያ ጅቦ ብቻውን ተጋድሞ አቧራ ይልሳል። ሲያያት ቀበሮ የመከረው ሁሉ ትዝ አለው።

«እመት አህያ፣ እርስዎ ደግ ነዎት» አለ። «እባክዎ ያንሡልኝ።»

እመት አህያ ስልቻዎቿን አጥብቃ አሰረች፣ ዱክዱክ ላይ ወጣች፣ ሞተሯንም አስነሣች።

«አያ ጅቦ፣ ማንሣት ብችልማ ኖሮ ጠዋቱኑ ለውጬው እሄድ ነበር» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ትልቁን መመኘት ነውር ባይሆንም፣ በወደቀ ቀን ብቻችንን የማናነሣውን ነገር እናገኛለን ብለን ደጋግመን ጥለን ያነሣነውን መልቀቅ እንደሌለብን ነው።