የከሰሳችሁበት ቦታ ሄዳችሁ ማሩ

አንድ አናጢ ነበረ፣ ልጆቼ። እጁ ወርቅ! ግን እንጨት በዱቤ ወስዶ መክፈል አቃተው። እንጨት ሻጯ እትዬ የሺመቤት ጠበቁት፣ ጠበቁት፣ በመጨረሻ ከሰሱት። ተፈረደበት።

ከዚያ እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ገባ። ያለውን ከፈለ፤ የቀረውን እትዬ የሺመቤት "ይቅር ለእግዜር" ብለው ማሩት። ጉልበታቸውን ሳመ። ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ደስ አይልም? ደስ ይላል እንጂ!

ዓመታት አለፉ። አናጢው ለአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ የመሥራት ትልቅ ሥራ አገኘ። የጎደለው የእንጨት መላጊያ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑን ካላገኘ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ብድር ፍለጋ ባንክ ሄደ። የብድር ታሪኩ ታየና "ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ዕዳ አለብህ" ተባለ።

"ኧረ እኛ ታርቀናል!"

"እዚህ ላይ ታረቁ የሚል የለም።"

አያችሁ? ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ እህል ቀምሰው ወደየቤታቸው ሄዱ። ለፍርድ ቤቱስ ማን ነገረው? ማንም!

አናጢው ግን "ሴትዮዋ በአፏ ታርቃ በሆዷ ይዛኛለች" አለ። በቀጥታ መደብራቸው ሄደ።

"እትዬ፣ ምነው? ጉልበትዎን ስሜ ነበር እኮ!"

"ምን ሆንክ አንተ? ጣውላ ወደቀብህ?"

ነገራቸው። እትዬ የሺመቤት ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እኔ ምሬህ ለጥ ብዬ ስተኛ፣ አንተ እስከ ዛሬ ተፈርዶብህ ቆመሃል? በል ና!"

"ወዴት?"

"የከሰስኩህ ቦታ ነዋ!"

ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው የፍርድ ቤቱን ደረጃ ወጡ። ዳኛው ፊት ቆመው "ጌታዬ፣ ይሄን ልጅ የከሰስኩት እኔ ነኝ። የከፈለውን ከፍሏል፣ የቀረውን ምሬዋለሁ። ስሙን መልሱልኝ!" አሉ።

ዳኛው ጢማሙን "ልጅ" አየት አደረጉና "ልጅዎ ነው?" አሉ።

"ባለዕዳዬ ነበር። አሁንማ ልጄ ነው!"

መዝገቡ ተዘጋ! ለባንኩ ተጻፈ፣ ያ ፍርድ ከስሙ ላይ ተነሣ፣ ብድሩ ተፈቀደ! ማሽኑ ሲጮህ ሰፈሩ ተናወጠ። እትዬ የሺመቤትም መጥተው "እንጨት ልላክልህ፣ በዱቤ?" ቢሉት "ኧረ እትዬ፣ እጅ በእጅ!" አላቸው።

እናንተስ፣ ልጆቼ? ስንቱን በአደባባይ ከሰን በጓዳ ማርን? በዕድር ድንኳን "እገሌ አይታመንም" ብላችሁ ተናገራችሁ። በኋላ እሱ ቤት ገብታችሁ ተቃቀፋችሁ፣ አለቀሳችሁ። መልካም! ድንኳኑ ውስጥ የሰማውስ ሰው? ማን ነገረው? ያ ምስኪን ሰው ሴት ልጁን ሊድር ሲል አማቾቹ ሰፈሩን ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የእናንተ የድሮ ክስ ነው! እናንተ ምራችሁ ተኝታችኋል፣ እሱ ዛሬም ቆሟል።

ጌታ እኛን የማረን በጓዳ ነው እንዴ? ከተማው ሁሉ በሚያይበት ኮረብታ ላይ ነው እንጂ! ተሸሽጎ አልማረንም፣ ልጆቼ፣ አልተሸሸገም!

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። የሆነ ሰው ስም የሆነ ቦታ ቀርቷል፤ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ነጠላችሁን አጣፉ፣ ጉልበታችሁን ቢያማችሁም ደረጃውን ውጡ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ቁሙና በሉ፦ "የከሰስኩት እኔ ነኝ። ስሙን መልሱልኝ።"