ቁልሉ የልጅ ነው

ኑ፣ ተጠጉ። «ተረት ተረት» ብዬ አልጀምርም፤ እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ። ይሄ ተረት ቢሆን ኖሮ እኔም ደስ ባለኝ።

ድሮ ነው። የአያቶቻችን አያቶች ገና የወተት ጥርሳቸውን ሳያወልቁ ነው። ሰው ሲበደር ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፤ ቃል ነበረ፣ ዋስ ነበረ፣ ቁና ነበረ። በዚያ ዘመን በአጋም በር መንደር ይታክቱ የምትባል ሴት ነበረች። የጌታ ልጅ አይደለች፣ ባለርስት አይደለች። ባሏ ዘገየ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ ያድር ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ማንጠግቦሽ። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። እውነትም አልጠገበቻትም።

አንበጣ የወረደ ዓመት ዘገየ አቁማዳውን ይዞ ወደ አያ አምባው ቤት ሄደ፤ ማሽላ ተበደረ። አያ አምባው ከመንደሩ ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቆላው ውስጥ የሚኖር ባለጎተራ ነበር። ክፉ ነበር እንዳልላችሁ ክፉ አልነበረም። «በቁና ልክ ወስደሃል፣ በቁና ልክ ትመልሳለህ» አለው፤ ወለድ አልጠየቀም። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ኋላ ትቆጫችኋለች።

ዘገየ ዕዳውን ሳይከፍል በሳምባ ሞተ። ይታክቱ አርባውን ልታወጣ ተነሣች። የባሏ ወንድም ታረቀኝ ለመናት፤ «ተይ ይታክቱ፤ በባዶ ጎታ ድግስ አይደገስም። ንፍሮ ቀቅለሽ ቄሱን ጥሪ፤ እግዜር እንደሆነ ቤትሽን ያያል» አላት።

«ኧረ በጊዮርጊስ! ባሏን እንደ ውሻ ቀበረች ልባል?» አለች።

አያ አምባው ዘንድ ወረደች፤ በዕዳው ላይ ሌላ ዕዳ ተበደረች። ሰው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የተዝካሩ ዕዳ ከሟቹ ዕዳ በለጠ፤ ያን ዕለት «አቤት ድግስ!» ካሉት ውስጥ አንድም ሰው በኋላ ማሽላ ያቀበላት የለም።

ከዚያ ሽማግሌ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ባንድ ጊዜ ክፈይ ቢሏት ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ከፋፈሉላት። በሦስት መኸር ትጨርስ፣ በየመኸሩ የድርሻዋን ታውርድ አሉ። ዋስ ታረቀኝ ሆነ፤ እሷ ብታጓድል የሱ በሬ ይነዳል። መያዣው ግን ሌላ ነበር። መያዣው ማንጠግቦሽ ነበረች። ዕዳው እስኪያልቅ ከአያ አምባው ቤት ተቀምጣ እህል ትፈጫለች።

ይታክቱ ልጇን እጇን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ማንጠግቦሽ ከአያ አምባው በር ስትደርስ የናቷን ነጠላ ጫፍ ጨበጠች።

«እማዬ፣ መቼ ትወስጂኛለሽ?»

«ትንሽ ነው ልጄ። ማሽላ ደርሶ እስኪታጨድ፣ ደርሶ እስኪታጨድ፣ ደርሶ እስኪታጨድ።»

የመጀመሪያው መኸር ደረሰ። ይታክቱ ከታረቀኝ አህያ ተውሳ ማሽላዋን ጭና ወረደች። ገና ቁልቁለቱ ላይ ሳለች የወፍጮ ድምፅ ሰማች፤ ልጇ ናት። እግሯ ፈጠነ።

የአጋም በር ወግ እንዲህ ነበር፤ ዕዳ ሲከፈል ሰፋሪው ባለዕዳው ራሱ ነው። አበዳሪው ሰርቆ ሰፈረ እንዳይባል ቁናውን አይነካም፣ እህሉ ከሚሰፈርበት ቁርበት ማዶ ተቀምጦ ያያል። ይታክቱ ቁርበቱ ላይ ተንበርክካ የመጀመሪያውን ቁና ሞላች። ሊያዩ ከቆሙት አንዱ፣ ሥራ የፈታ ሰው፣ ለሣቅ ብሎ «ሞልቷል ግን?» አለ።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። እፍኟን ሞልታ ጨመረች። ደገመች፤ ማሽላው ከቁናው አፍ በላይ እንደ ጉልላት ቆመ። «ይኸው! ጎደለ የሚል አፍ ይዘጋ!» አለች። ሰዎቹ «ወንድ ናት!» አሏት። እሷም፣ ምስኪን፣ ደስ አላት። ከዚያ ያለውን ቁና ሁሉ እንደዚያው ሰፈረች። ሰፈረች፣ ቆለለች። አያ አምባው አየ። ዝም አለ።

ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጥታ የናቷን አንገት አቀፈች። መዳፏ በወፍጮው መጅ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ቁርበቱ ላይ የተከመረውን ማሽላ አይታ «እማዬ፣ ይሄን የምፈጨው እኮ እኔ ነኝ» አለች። ይታክቱ መዳፏን ስማላት ወደ ዳገቱ ተመለሰች።

በሁለተኛው ዓመት ማሽላው አማረ። ሰው ሁሉ «ይታክቱ ዘንድሮስ ተነፈስሽ» አላት። እሷም ማማ ሠርታ፣ ወንጭፍ ይዛ ከዘለላው አልለይም አለች። ግሪሳ መጣ። ግሪሳ ታውቃላችሁ? ሰማዩን እንደ ጥቁር ጋቢ የሚሸፍነው ወፍ ነው። ወነጨፈች፣ ጮኸች፣ ቆርቆሮ የለ ድስት መታች፣ ድምፅዋ ተዘጋ። ወፉ ጠግቦ ሲነሣ አገዳው ባዶ ራሱን ይዞ ቀረ።

ያን ጊዜ ድንጋይ ተሸክማ ወረደች። አንገቷ ላይ ድንጋይ ጭና ከአያ አምባው ደጅ ተደፋች። አያ አምባው ሚስቱን ዘነቡን ጠራ፤ «ያንን ድንጋይ አውርጂላት» አላት።

«ጌታዬ፣ የታረቀኝን በሬ አይንዱብኝ። ወፍ በላብኝ። አንድ መኸር ይጨምሩልኝ» አለች።

«ይሁን። አንድ መኸር ጨምሬልሻለሁ። ያገኘሽውን ግን ዘንድሮም አውርጂ፤ ልጅቱም ትቆይ» አላት።

ይታክቱ የሰው እርሻ ቃርሚያ ለቀመች። እንጨት ሸጠች። ዓይኗ እስኪፈዝ ጥጥ ፈተለች። ቀን ቆሎ፣ ማታ ጎመን እየበላች ያጠራቀመችውን ማሽላ ይዛ ወረደች። ጥቂት ስለነበረች አፈረች፤ ስላፈረች የበለጠ ቆለለች። ሰፈረች፣ ቆለለች። አያ አምባው አየ። ዝም አለ።

ምን አስቦ ይሆን? እግዜር ይወቀው። እሱ ቆልዪ አላለም፤ ተዪም አላለም። የሰው እህል ወደ ጎተራው ሲፈስ አፉን የሚከፍት ስንት ሰው አለ? እናንተስ ብትሆኑ?

ሦስተኛው መኸር ጥሩ ሆነ። አብዛኛውን ዕዳ አወረደች፤ ለተጨመረው መኸር የቀረው ጥቂት ቁና ብቻ ሆነ። ያወረደችውንም ሁሉ እንደለመደችው ቆልላ ነው የሰፈረችው። ማንጠግቦሽ አድጋ ነበር፤ ነጠላዋ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። «አሁንስ ትንሽ ነው አይደል እማዬ?» አለች። «ትንሽ ነው ልጄ» አለች እናቷ። እየዘፈነች ዳገቱን ወጣች። ከባሏ ሞት ወዲህ ስትዘፍን ያን ቀን ብቻ ነው የተሰማችው።

ክረምት ወጣ። የቆላው ውኃ ረጋ፤ ንዳድ ገባ። አያ አምባው ቤት ሁለት ሰው ወደቀ፤ ማንጠግቦሽ ሦስተኛ ሆነች። ይታክቱ ወሬ ሰምታ እየሮጠች ወረደች። ልጅቷ ወፍጮው ሥር ተኝታ አንዴ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዴ በትኩሳት ትነድዳለች። ዘነቡ ይታክቱን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ሴትዮ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ደጋው ይሻላታል። ለአምባው መልሱን እኔ እሰጠዋለሁ፤ ማንም አይይዝሽም» አለቻት።

ልቧ «ተሸከሚያት» አላት። ጀርባዋንም አጎነበሰች። ከዚያ ያ የሰው አፍ መጣባት፤ ዕዳዋን ሳትጨርስ መያዣዋን ይዛ ጠፋች ሲላት። ታረቀኝ በሬው ተነድቶ በሰው ፊት ሲያጎነብስ ታያት። አጎንብሳ የነበረችው ሴት ቀና አለች።

«እሜቴ፣ አጨዳው ቀርቧል። በሽሽት አልወስዳትም። ጨርሼ፣ ሰው እያየ፣ በፊት ለፊት በር አወጣታለሁ» አለች።

የልጇን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ማንጠግቦሽ «ሂጂ እማዬ፣ እጨጂ» አለቻት።

ሄደች። አጨደች። ገና ያልደረቀውን ዘለላ በእጇ እየፈለፈለች፣ ነፋስ ሳትጠብቅ በሰፌድ አበጠረች። የቀሩትን ቁናዎች በአህያ ጭና ቁልቁለቱን ያዘች። መርዶ ነጋሪው በላይኛው መንገድ ሲወጣ እሷ በታችኛው ወረደች። ከሁልጊዜው ቦታ ስትደርስ ጆሮዋን ጣለች። ወፍጮው አይሰማም። «ተኝታ ይሆናል» አለች። ትንሽ ሄዳ «አርፋ ይሆናል» አለች። ከዚያ በኋላ አህያዋን ብቻ ነዳች።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዘነቡ ፀጉሯን ነጭታለች። ይታክቱ አልጮኸችም። ወደ ቤቱም አልገባችም። አህያዋን ከዋንዛው ሥር አሰረችና «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለች።

አያ አምባው እግሯ ሥር ወደቀ። «አንቺ ሴት፣ በማርያም! ትቼልሻለሁ፣ ዕዳው ይቅር፣ እህልሽን ይዘሽ ሂጂ!»

«ልጄ መያዣ ሆና አትቀበርም። ይሰፈር» አለች።

ቁርበት ተነጠፈ። ተንበረከከች። ሰፈረች። እጇ ለምዶ ነውና ቆለለች፤ እንባዋ ቁልሉ ላይ ይወርዳል። አያ አምባው አየ። በዚያን ቀን ግን መቀመጥ አልቻለም። ወጉን አፍርሶ ቁርበቱን ተሻገረ፤ ቁናው አፍ ላይ መዳፉን አሳርፎ ቁልሉን ጠረገው። ማሽላው ቁርበቱ ላይ ፈሰሰ።

አዬ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይታክቱ የፈሰሰውን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ትርፍ ነው። ዕዳሽ ከቁናው አፍ ሥር ያለው ነው።»

«የዓምናውስ? የካቻምናውስ?»

አያ አምባው መሬት መሬት አየ።

«ሲያዩኝ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እኔ አልጠየቅሁሽም፤ ራስሽ ነሽ የቆለልሽው» አለ። እንደዚያ ካለ በኋላ በሁለት እጁ አፉን ያዘ፤ ግን ወጥቷል።

ለለቅሶ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ የተጠረገውን ማሽላ ሰብስቦ ቁና ውስጥ ጨመረው። እሷ ሌላ ቁና ቆለለች፤ ጠረጉት፤ ጨመሩት። አራት ቁልል አንድ ቁና ሞላ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለማስላት ጣት መቁጠር አላስፈለጋቸውም፤ በሦስቱ መኸር የቆለለችው ትርፍ ቀረ ከተባለው ቁና ይበልጣል። የይታክቱ ዕዳ ካለፈው መኸር ጋር አልቋል። ንዳዱ ሳይገባ አልቋል። ማንጠግቦሽ ያን ክረምት ከናቷ ጋር ደጋ ላይ መክረም ነበረባት።

አያ አምባው «ጎተራዬን ውሰጂ! ሁሉንም ውሰጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ልጄን በቁና ይሰፍሩልኛል?» አለችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «እሱን አትዩት። እኔ ነኝ። እናንተ ‹ወንድ ናት› እንድትሉኝ ልጄን በቁና አፍ ላይ ቆልዬ የሰጠሁ እኔ ነኝ።» ያን ጊዜ ጮኸች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ግቢው ውስጥ ዓይኑ የደረቀ ሰው አልነበረም፤ ያ ሥራ ፈት «ሞልቷል ግን?» ያለውም ጭምር።

ማንጠግቦሽን በፊት ለፊት በር አወጧት፤ እናቷ እንዳለችው። የተጠረገውን ማሽላ ይታክቱ ንፍሮ ቀቀለችው። ሌላ ተዝካር አልደገሰችም፤ ሰው ምን ይለኛል አላለችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ኖረች ከተባለ። ቤቷ እሳት አይነድበትም፤ የሰላምታ መልስ የምትሰጠው አንዳንዴ ነው። መኸር ሲደርስ ግን ትነሣለች። አጋም በር ውስጥ ዕዳ የሚከፈልበት አውድማ ካለ ትደርሳለች። ባለዕዳው አፍሮ ሲቆልል፣ ያቺ የከሳች ሴት ሰዉን ገፍታ ገብታ ቁልሉን በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ ወደ ባለዕዳው ትገፋለታለች። «ቁልሉ የልጅ ነው» ትላለች። ሌላ ቃል አትናገርም። ሀብታምም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ እጇን የያዘ ሰው የለም። አያ አምባውም እስኪሞት ድረስ የሰው ዕዳ ሲቀበል ቁናውን ራሱ ይጠርግ ነበር ይባላል።

እሷ ስትሞት ሰዉ እጇን ወረሰ። ዛሬም አጋም በር ብትሄዱ ዕዳ ተቀባዩ ከቁርበቱ ማዶ አይቀመጥም። ይሻገራል፤ በገዛ መዳፉ ቁልሉን ይጠርጋል፤ «ቁልሉ የልጅ ነው» ይላል። ሳይጠርግ የተቀበለ ሰው ከመንደሩ ጋር እሳት አይጫጫርም። ባለዕዳው የተጠረገለትን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ያንኑ ማታ ቆሎ ተቆልቶ ለልጆች ይታደላል፤ ልጆቹም ከማን እንደመጣ ሳያውቁ ይሻሙበታል።

እሷ ግን፣ ያን ሁሉ ቁልል ለሰው ልጅ ስትመልስ ኖራ፣ ማታ ማታ ዳገቱን የምትወጣው ባዶ እጇን ነበር። «ለምን ለራስሽ እፍኝ አትይዢም?» ብለው ቢጠይቋት፣ «ለማን ልቆላው?» አለች ይባላል።